ዌብን ይዞ ሽቅብ

ባሌን አይተናል የሚሉ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። አብዛኞቹ ያዩት ከመኪና መስኮት ነው። ከጎባ ተነስተው ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣሉ። ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ፎቶ ይነሳሉ። ዕድል ከቀናቸው ቀይ ቀበሮ ከመንገድ ዳር ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳሉ። አልነቅፋቸውም። 4,377 ሜትር ከፍታ ድረስ መኪና የሚያወጣ መንገድ መኖሩ ራሱ ድንቅ ነው። ሆኖም ባሌን እንዴት ልይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ዲንሾ ላይ ውረድ፣ የዌብን ወንዝ ያዝ፣ በእግርህ ሽቅብ ሂድ።

ሥራዬ ውኃ መመርመር ነው። ከየወንዙና ከየጉድጓዱ የተቀዳ ውኃ በጠርሙስ ሆኖ ላቦራቶሪ ድረስ ይመጣልኛል። ድፍርስነቱን እለካለሁ፣ ባክቴሪያውን እቆጥራለሁ፣ ውጤቱን አሰፍራለሁ። ወንዙ ከየት እንደተነሳ፣ ምን ላይ እንደፈሰሰ፣ ከመንገድ ማን እንደጠጣው ግን ጠርሙሱ አይነግረኝም። ፈቃድ በወጣሁ ቁጥር ወንዝ ዳር የምሄደው ለዚህ ነው። ተራራ ጫፍ መድረስ ብዙም አያጓጓኝም። ውኃው ወደ መጣበት መሄድ ግን ሁልጊዜ ልቤን ይስበዋል።

ታናሽ እህቴ ደግሞ የወፍ ሰው ናት። ስለዚህ አብረን ስንሄድ እኔ ወደ ታች አያለሁ፣ እሷ ወደ ላይ ታያለች። ዌብ ላይ ሁለታችንም እኩል ደላን።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ቦታ ነው። እዚያ ትመዘገባላችሁ፣ አስጎብኚ ትይዛላችሁ፣ ዕቃችሁን የሚጭን ፈረስና ባለፈረስ ታገኛላችሁ። ባለፈረሳችን በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ። እኛ "ጋሼ" አልናቸው፣ እሳቸው "ልጆቼ" አሉን። ከዚያ በኋላ ሌላ መጠሪያ አላስፈለገንም።

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለውን ደን በችኮላ አትለፉት። ያረጁ የኮሶና የጥድ ዛፎች አሉበት፤ ከቅርንጫፎቻቸው የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። የደጋ አጋዘን እዚያው መሀል ቆሞ ያያችኋል። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ አለው፤ ሰው ለምዶ ስለሆነ ቶሎ አይሸሽም። ይህን የሚያክል እንስሳ በሳይንሱ ዓለም ስሙ የተመዘገበው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ለባሌ ሰው አዲስ አልነበረም፤ ለሌላው ዓለም ግን እስከዚያ ድረስ እንዳልነበረ ሆኖ ቆይቷል። ከኢትዮጵያ ውጭም የትም የለም።

ከዚያ ወንዙ ይጀምራል።

ወንዝን ከታች ወደ ላይ መከተል የራሱ ሥርዓት አለው። ወደ ታች የሚሄድ ሰው በየመገናኛው ወንዙ ሲያድግ ያያል። ሽቅብ ስትሄዱ ደግሞ በየመገናኛው ይቀንሳል። በግራ በኩል አንድ ገባር ይገባል፣ ያንን ስታልፉ ዌብ ትንሽ ጠበብ ይላል። በቀኝ ሌላ ይገባል፣ እንደገና ይጠባል። ወንዝ የሚባለው ነገር ከምን እንደተሠራ በእግራችሁ ትቆጥሩታላችሁ። እኔ በሥራዬ ስለ ተፋሰስ ብዙ አንብቤያለሁ። እንዲህ ገብቶኝ ግን አያውቅም።

መንገዱ ደልዳላ አይደለም። አንዴ ከውኃው አጠገብ ሣር ላይ ያስኬዳል፤ አንዴ ገደሉ ሲጠብ ወደ ላይ ወጥቶ ወንዙን ከሥር ያሳያል። ዓለቱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። አንዳንድ ቦታ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ወንዙ በዚያ ስንጥቅ ገብቶ ነው መንገዱን የቀደደው።

እህቴ እዚህ ላይ ደጋግማ አስቆመችን። መጀመሪያ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች አየች። ጥንድ ጥንድ ሆነው ረግረጉ ዳር ይግጣሉ፤ ሲያርፉ አንገታቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ጀርባቸው ላይ ያስተኙታል። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የላቸውም። ቀጥሎ ድንጋይ ለድንጋይ የምትሮጥ ቡናማ ወፍ መጣች። ጭራዋን ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ስታደርግ ከሥሩ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ሩጌት ሬይል ነው የምትባለው። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ከጫማችን ሁለት እርምጃ ርቃ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኛን ከቁብም አልቆጠረችን። እህቴ እስትንፋሷን ይዛ ቆመች። እኔም ስለ ወፍ ብዙ ባላውቅም አብሬያት ቆምኩ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልበል። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ወደ 3,500 ሜትር ይወስዳችኋል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ጎበዝ ነኝ ብሎ መሮጥ ዋጋ የለውም። ወሬ እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ፍጥነት ትክክለኛው ነው። ወሬው ከተቋረጠ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እዚያው ዕረፉ። ከባሰ ወደ ታች ውረዱ፤ መድኃኒቱ እሱ ነው።

ወንዙን በእግር መሻገር ያለባችሁ ቦታም አለ። በበጋ ጥልቅ አይደለም፣ ጉልበት አይደርስም። ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይገባል፣ ድንጋዩም ሙልጭ ያደርጋል። ጫማችሁን አውልቃችሁ በባዶ እግር አትግቡ፤ እግር የሚይዝ ሰንደል ጫማ ወይም አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጉ። የጀርባ ቦርሳችሁን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት። ብትወድቁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይቀር ነው። ፊታችሁን ወንዙ ወደሚመጣበት መልሱ፣ ምርኩዛችሁን ከፊት ትከሉ፣ አንድ እግር ሳይረጋ ሌላውን አታንሱ። እኔ መሀል ላይ ስደርስ የሚሮጠው ውኃ ዓይኔን ወሰደው፣ ራሴም ዞረ። ጋሼ ከማዶ ሆነው "ልጄ፣ ውኃውን አትይው፣ ማዶውን እይው!" አሉኝ። ዓይኔን ማዶ ካለው ነጭ ድንጋይ ላይ ተከልኩ። ወዲያው ቀጥ አልኩ። በየትኛውም ወንዝ የሚሠራ ምክር ነው።

ፊንጫ ሀበራ የሚደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ዌብና ወላ የሚባለው ገባር የሚገናኙበት ፏፏቴ ነው። ብዙ መንገደኛ ፏፏቴውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ትንሽ አርፎ ያልፋል። እኔ ግን ወደዚህ መንገድ እንድመጣ ካደረጉኝ ነገሮች ትልቁ እዚያው አካባቢ ገደሉ ውስጥ ያለው የዋሻ ጥላ ነው። ከ3,400 ሜትር በላይ ነው የሚገኘው። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው ያገኙትን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ሰዎች በዚህ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን ከላይ ያለው አምባ በከፊል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ይህን ያህል ከፍታ ላይ ሰው በዚያን ጊዜ ኖሯል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም።

ምን በልተው ኖሩ? ትልቁን የባሌ ፍልፈል። የተቃጠለ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል። በምን ሠሩ? በኦብሲዲያን፤ ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት። ድንጋዩን ያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ከግግሩ አጠገብ ካለ ቦታ ነው። ማለትም ሰዎቹ ወጪ ወራጅ ነበሩ። ከዋሻው ተነስተው ወደ በረዶው ይወጣሉ፣ ድንጋዩን ይፈልጣሉ፣ ይመለሳሉ።

ዋሻውን እያየሁ ቦታውን ለምን እንደመረጡት ለማሰብ ሞከርኩ። ከነፋስ ይጋርዳል፣ ከዝናብ ያስጠልላል፣ ውኃ ቅርብ ነው። ከላይ ያለው ሸለቆ ደግሞ በፍልፈል የተሞላ ነው። እኔም ድንኳን ልትከል ብል የምፈልገው ይህንኑ ነው። በእኔና በእነሱ መካከል ያለውን ዘመን አእምሮዬ ሊይዘው አልቻለም። ውኃ ዳር ቦታ ሲመርጡ ግን ምን ያዩ እንደነበር የገባኝ መሰለኝ። እህቴ "እዚሁ እንደር" አለች። አስጎብኚያችን ግን መንገድ ይቀረናል አለ፤ ልክ ነበር። ዋሻ ውስጥ ምንም ነገር አታንሱ፣ አትቆፍሩ፣ እሳትም አታንድዱ። ገና ያልተነበበ ብዙ ነገር መሬቱ ውስጥ አለ።

ከፏፏቴው በላይ ገደሉ ያበቃል። ሸለቆው ወለል ብሎ ይከፈታል። ዛፍ የለም። አጭር ሣር፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠላ ቅጠል፣ እዚህም እዚያም ብርማ ቁጥቋጦ። ዌብ እዚህ አይቸኩልም፤ እየተጠማዘዘ በሜዳው መሀል ይሄዳል።

መጀመሪያ የምታዩት ፍልፈሉን ነው። ያ ድሮ ሲታደን የነበረው እንስሳ ዛሬም አለ፤ ከባሌ ተራሮች ሌላ ግን የትም የለም። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። ሰላም ከሆነ ወደ ውጭ ግማሽ አካሉን ያወጣና ሣሩን ጠራርጎ ወደ ውስጥ ይጎትታል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ወፍ አትጠፋም። እሱ አፈር ሲገፋ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች።

ፍልፈል ባለበት ቀይ ቀበሮ አለ። ያየነው በጠዋት ነበር። ወንዙን ተሻግሮ በማዶው ዳገት ብቻውን ይሄዳል። ቀያይ ጠጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጃጅም እግር። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው። ማልደው ይገናኛሉ፣ ክልላቸውን አብረው ይዞራሉ፣ ከዚያ ለአደን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል። የሚያድነው ለሁለት የማትበቃ ትንሽ እንስሳ ስለሆነ አጋዥ አያስፈልገውም። ይሄኛው ቆመ። ጆሮውን ወደ መሬት አዞረ። ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ አለና ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ዘለለ፤ ሳተ። እንደገና ራመድ ራመድ ብሎ ሌላ ጉድጓድ አጠገብ ዝቅ አለ።

ጋሼ አንድ ነገር ነገሩን። ቀበሮው ከብቶች ሲያልፉ በመካከላቸው ገብቶ ያድናል አሉ። ፍልፈሉም አይጡም ከብት ስለለመዱ አይሸሹም፤ ቀበሮውም ተከልሎ ይጠጋቸዋል። በቀበሮዎቹ ላይ ጥናት የሠሩ ሰዎችም ይህንኑ ጽፈዋል። እረኞቹ ግን ከማንም በፊት ያውቁታል።

በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ቤት ውስጥ ሳነበው እና አንዱን በዓይኔ ሳየው የተሰማኝ የተለያየ ነው። እዚህ ሸለቆ በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀበሮዎቹ አብዛኞቹን ጨርሷል። በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነው። እረኛ ከብቱን ሲነዳ ውሻው ይከተለዋል፤ ውሻው ቀበሮ ያገኛል። ለዚህ ነው በየመንደሩ ውሾች የሚከተቡት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ሆኖ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መሰጠት ጀምሯል። በዚህ ጉዳይ የሚደክሙ ሰዎችን ከልቤ አከብራለሁ። ሌሊት በብርድ በፈረስ እየዞሩ ሥጋ የሚያድሉ ሰዎች ናቸው።

ከብቱን በተመለከተ ግን ቀላል ፍርድ የለኝም። ጎደንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። የባሌ አርብቶ አደሮች በየወቅቱ ከብታቸውን ወደ ደጋው ያወጣሉ፤ በማዕድን የበለጸጉ የሆራ ምንጮች ላይ ያጠጣሉ። ዛሬ ቀድሞ በወቅት ይመጣ የነበረው ሰው ጎጆ ቀልሶ ይከርማል። ወንዙ ዳር ተንበርክኬ ሳይ የተረገጠ ዳር፣ የተናደ አፈር፣ እበት አየሁ። ይህ ሁሉ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሥራዬ ስለሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ይቀራል። ደግሞ ጋሼ ራሳቸው በልጅነታቸው እዚሁ ከብት ጠብቀዋል። "ሣሩን እኛም እንፈልገዋለን፣ ቀበሮውንም አንጠላውም" አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። መፍትሔው እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች በሚቀመጡበት ጉባኤ ካልተገኘ ሌላ ቦታ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የዌብን ውኃ ጥርት ብሎ ስላያችሁት ብቻ አትጠጡት። ጥርት ማለትና ንጹሕ መሆን አንድ አይደሉም። በላቦራቶሪ ጥርት ያለ ጠርሙስ ስንት ጊዜ አስደንግጦኛል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይበቃል፤ ግን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳቱ ላይ ይቆይ። ሌሊት በጠርሙስ ሞልታችሁ ከመኝታችሁ ጋር ብትይዙት ደግሞ እግር ያሞቃል፣ ጠዋትም በረዶ ሆኖ አይጠብቃችሁም።

ያደርነው ሶዶታ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቅዝቃዜው በአንዴ ይወርዳል። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ይለቃል፤ ጠዋት ሣሩም ድንኳኑም አመዳይ ለብሰው ይገኛሉ። ደህና የመኝታ ከረጢት ከሌላችሁ አትሞክሩት።

በማግስቱ ወደ ኬይሬንሳ አቅጣጫ ስንነሳ ዌብን ተውነው። መሬቱ ከፍ ሲል ጅብራ መታየት ጀመረ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ይሞታል። እህቴ አበባው ላይ ወፍ ስትፈልግ እኔ ዞሬ ወንዙን ፈለግኩት። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ቀጭን መስመር ነው።

ይህ ቀጭን መስመር ግን ረጅም መንገድ አለው። ከዲንሾ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ቆላ ሲወርድ የኖራ ድንጋይ አግኝቶ ሶፍ ዑመርን ይፈለፍላል፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ዋሻ የሠራው ይሄው ውኃ ነው። ከዚያ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ወደ ጁባ፣ ወደ ሶማሊያ ይሄዳል። ከባሌ ተራሮች በሚነሱ ወንዞች የሚኖረው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ይገመታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ ሰው ስለ ቀበሮውና ስለ አጋዘኑ አወራ። እኔ ደስ ያለኝ ስለ ውኃው ነው።

መሄድ ከፈለጋችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በባሌ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ሳሙና ወንዙ ውስጥ አታስገቡ፤ በጀሪካን ቀድታችሁ ከዳሩ 70 እርምጃ ያህል ርቃችሁ ታጠቡ። መጸዳጃም እንዲሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፣ የሚከተላችሁ ውሻ ካለም ለአስጎብኚው ንገሩት። የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት። ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ፤ ያገኛችሁት የመጀመሪያው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጋ ስትደርሱ፣ ዕቃችሁን ሳታወርዱ ንገሩት።